ኦዲል የማትቀምሰው ወይን

ጃንዋሪ 8
ብርድ። የወይን ተክሉን መግረዝ ጀመርኩ። እጄ ደንዝዞ ቤት ስገባ ሾርባው እንዳስቀመጥኩላት ነው፣ ላዩ ረግቷል።

«ብረት ብረት ይላል» አለች ሚስቴ ኦዲል።

ትናንት ዳቦውም ብረት ብረት ይል ነበር። የካንሰሩ መድኃኒት ምላሷንም አፍንጫዋንም ወሰደባት። የኦዲልን አፍንጫ! የመንደሩ ወይን ጠማቂ ሁሉ ሙስካዴ የሚባለውን ነጭ ቆምጣጣ ወይኑን ይዞ እኛ በር ላይ ይሰለፍ የነበረው እኮ እሷን ሊያስቀምስ ነው...

ጃንዋሪ 11
ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። «አቶ አርሜል፣ በዚሁ መክሳቷን ከቀጠለች ቀጣዩን መድኃኒት አንሰጣትም። ሰውነቷ አይችለውም።»

«ካልተሰጣትስ?»

ትከሻዬን ነካ አድርጋ ወደ ክፍሏ ገባች። መልሱ ገባኝ።

መኪና ውስጥ ኦዲል፣ «ምን አለችህ?»

«ትብላ አለች።»

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው?»

ጃንዋሪ 14
ከሎዋር ወንዝ ዓሣ ተገኘ። የእናቴን የቅቤ መረቅ ሠራሁለት። ሽንኩርቱን በወይናችን አበሰልኩ፣ ቅቤውን ጠብ ጠብ አደረግኩ... ቅቤው ከመረቁ ተለያየብኝ። እንደገና ከመጀመሪያው።

አንድ ጉርሻ ወሰደች። እንዳላይ ፊቷን አዙራ መሐረቧ ላይ ተፋችው። አየሁ።

የቀረውን ቆሜ በላሁት። ጣፈጠኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት ይጣፍጠኛል?

ጃንዋሪ 17
የፍየል አይብ። እንቢ።

ጃንዋሪ 19
ጎረቤቴ ዶናሲያን መጣ። ሰላምታ እንኳን የለውም።

«አንተ ሰው፣ አተላውን ማማሰል ተውክ አሉ?»

ትቻለሁ። ወይናችን ገንዳው ውስጥ እስከ ጸደይ አተላው ላይ ነው የሚተኛው፣ ጣዕሙም ስሙም ከዚያ ነው። ግን በየጊዜው ካላማሰሉት ይታመማል። መቼ ላማስለው? ከምድጃው ስር መቼ ወጣሁና?

«ነገ» አልኩት።

«ነገ ነገ ስትል የገና በዓል አለፈ እኮ!»

«ሚስቴ እየሞተች ነው፣ ዶናሲያን።»

ቆቡን አወለቀ። እንዲህ ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሰምታ ይሆን?

ጃንዋሪ 20
ሰምታለች። «ሳልሞት ብቀር ምን ልትላቸው ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ጉንፋንም ተጨምሮብኛል። ምን ላብላት? ምን?

ጃንዋሪ 22
ቅዱስ ቪንሰንት፣ የኛ የወይን ጠማቂዎች በዓል። ዛሬ አዲሱ ወይን ከገንዳው ይቀዳና ኦይስተር ከሚባለው፣ ከነቅርፊቱ በጥሬው ከሚቀርበው የባሕር ዛጎል ጋር ይቀመሳል። የቤቱ አፍንጫ ሳይቀምስ ማንም ብርጭቆ አያነሳም። በኛ ቤት ኦዲል ናት። አልጠራትም ብዬ ነበር፤ ለምን ላሳቅቃት?

ራሷ ብርድ ልብስ ተከናንባ መጣች። «እኔን ዘላችሁ ልትቀምሱ?»

ዶናሲያን ኦይስተር ሲከፍት የነበረው እጁ ቆመ። ቀዳሁላት። አፍንጫዬ ተደፍኖ ምን እንደቀዳሁ አላውቅም። ብርጭቆውን አፍንጫዋ ስር አቆየችው። ፊቷ ተኮሳተረ። በቃ፣ ብረት ልትል ነው አልኩ።

«ይሄ ምንድነው፣ አርሜል?»

«ወይናችን ነዋ።»

«የበሰበሰ እንቁላል ነው! ከመቼ ወዲህ ነው ያላማሰልከው? አንተ ጅል!»

ዶናሲያን ብርጭቆውን ነጥቆ አሸተተ። ገረጣ። «እውነቷን ነው» አለ። የዓመት ልፋታችን...

«ሸተተሽ?» አልኳት።

«ይሄ ለሬሳም ይሸታል!»

«ኦዲል... ሸተተሽ ወይ?»

ያኔ ገባት። አፏን ያዘች። ብርጭቆውን መልሳ ወሰደችና ደግማ አሸተተች። ከዚያ አንድ ኦይስተር አንስታ ዋጠች። ጠበቅን። «ጨው ጨው ይላል» አለች። ሌላ አነሳች። ዶናሲያን ሎሚ ልጨምርበት ሲል እጁን በጥፊ አለችው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጃንዋሪ 24
ወይኑን ከአተላው ለይተን፣ ሽታው እንዲለቀው አየር እያስነካን በባልዲ ወደ ሌላ ገንዳ ገለበጥነው። ከጸደይ በፊት ስለተለየ ዘንድሮ ጠርሙሱ ላይ «አተላው ላይ የተኛ» ብለን መጻፍ አይፈቀድልንም። ተራ ወይን ሆነ። አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር። ዶናሲያን ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው አቀርቅሮ ሠራ።

ሐኪሟ ሐሙስ ትመዝናታለች። እስካሁን የበላችው ኦይስተርና ዳቦ ነው፣ እሱም ጥቂት። ይበቃ ይሆን? አላውቅም። እፈራለሁ፣ ከበፊቱም ይልቅ እፈራለሁ።

ኦዲል ገንዳው አጠገብ ወንበር አስመጥታ ከየባልዲው ታሸታለች።

«ገና ነው፣ ይሸታል» ትላለች።

ያልሰማሁ መስዬ «ምን አልሽ?» እላታለሁ።

«ይሸታል አልኩህ! ደንቁረሃል እንዴ?»

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ እጠይቃታለሁ።