አልገባም ያለው ቫምፓየር

ውድ ቃለ አብ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። «እንኳን ደስ አለሽ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ልምጣ ወይ?» ይላል። ስልኬን እየከፈትኩ አየውና መልሼ እዘጋዋለሁ። በአንድ ቃል መመለስ አቃተኝ። እዚህ የሆነውን ከሰው ሰምተህ ይሆናል፤ ሰው ሲያወራ ግን አንዱን ይጥላል፣ አንዱን ይጨምራል። ስለዚህ ከራሴ ስማው። መልሴ መጨረሻ ላይ አለ። ዘልለህ እንዳታነብ፣ አውቅሃለሁ።

ጠባሴ ሰፈር በተከራየሃት ክፍል ብርድ ልብስ ተጋርተን የቫምፓየር ፊልም የምናይበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? አንተ ስለ መብራቱና ስለ ካሜራው ታወራለህ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ፈርቼ ይመስልህ ነበር። «አይዞሽ፣ ደሙ እኮ ቀለም ነው» እያልክ ታጽናናኛለህ። ቃለ አብ፣ ደሙን ማን አየው! እኔ የማየው ሰውየው እስኪጠጋ ያለችውን ጊዜ ነበር። የማይቸኩል ወንድ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዷን ብቻ ያያል፤ አንገቷን ከመንካቱ በፊት ዓይኗ እስኪፈቅድለት ይጠብቃል። እሷም ቀስ ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ማንም አይፈርድባትም፤ ፈርታ ነዋ! ለሴት ልጅ መፍራት ተፈቅዷል፣ መፈለግ ነው ያልተፈቀደው። የእነዚህ ፊልሞች ጉልበት እዚያ ላይ ይመስለኛል። ፈለግኩ ማለት የማትችል ሴት ፈራሁ ብላ ታልፋለች። እኛ ሴቶች ፊታችንን በነጠላ ሸፍነን በጣቶቻችን መሀል የምናጮልቀው ለምን ይመስልሃል? ጥርሱን ለማየት ብቻ እንዳይመስልህ።

ይህን ያኔ አልነገርኩህም።

የመጀመሪያውን የፊልም ሙከራችንን ደግሞ እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። የቫምፓየሩ ካባ የጎረቤት ልጅ የምረቃ ገዋን ነበር። ጥርሱን ከፕላስቲክ ቀርጸህ ያበጀኸው አንተ ነህ፤ ልጁ በተናገረ ቁጥር ይወልቅበታል። በወጣት ማዕከሉ ስናሳይ ሰውየው ገና ከጨለማው ብቅ ከማለቱ አንዱ ከኋላ «ምሩቁ መጣ! እንኳን ደስ አለህ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወደ አንገቷ ሲጎነበስማ እልልታም አልቀረ። አንተ ዕቃህን እየሰበሰብክ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እኛ አገር ይሄ ነገር አይሠራም። ደግሞ ችግሩ አንቺ ጋ ነው። የጻፍሽው አንቺ፣ ቀዝቃዛዋም አንቺ። ሔራን፣ የማታውቂውን ነገር እንዴት ትጽፊያለሽ?» ብዙም ሳትቆይ አዲስ አበባ ገብተህ ማስታወቂያ መሥራት ጀመርክ።

አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ለቅሶው ሲያልቅ ንዴት መጣ። ንዴቱ ከለቅሶው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ከአልጋ ያስነሳል። ተነሥቼ ፊልሙን ያለ አንተ እንደ አዲስ ልሠራው ቆረጥኩ።

ካሜራ የያዘችልኝ ረሒማ ናት፣ የአልዩ አምባዋ። ሠርግ ትቀርጻለች፤ የሙስሊም ሠርግ ላይ በሴቶቹ በኩል ወንድ ቀራጭ ስለማይገባ የአካባቢው ሙሽራ ሁሉ በእሷ እጅ ነው ያለፈችው። ሴት ልጅ በዓይኗ ብቻ የምትናገረውን የሚይዝ ካሜራ ከፈለግህ ከረሒማ ሌላ አታገኝም። ለቫምፓየርነት ቴዎፍሎስን መረጥን፣ የመሪጌታን ልጅ፣ አንኮበር ተወልዶ ያደገውን። ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ዜማ የተማረ ድምፅ አለው። ካባ መስፋት አላስፈለገንም፤ የአያቱን ጥቁር በርኖስ ደረበ፣ በቃው። ዋናዋን ሴት እንድትሠራ የመረጥናት ልጅ የአንገቱን ትዕይንት ስታነብ «እናቴ ትገለኛለች» ብላ ተወችው። ሌላ ልጅ ብፈልግ አጣሁ። በመጨረሻ ራሴ ገባሁበት። ቀዝቃዛዋ ሔራን!

ለምን አንኮበር ትለኝ ይሆናል። ቫምፓየር ፀሐይ አይወድም አይደል? የአንኮበር ሐምሌ ፀሐይ የሚባል ነገር አያውቅም። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየወጣ ይመጣና ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፉን ይውጠዋል። የእኛ ቫምፓየር በቀትር ሲሄድ ይውላል፣ ማንም አይከለክለውም። ቤቱን የሰጡን እማማ ለተጊዮርጊስ ናቸው፣ የቴዎፍሎስ አባት ጎረቤት። እሳቸው ወጥ ቤት ሆነው የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ፣ እኛ ሳሎኑን ይዘናል።

ችግሩ የተፈጠረው እዚያ ነው። ታውቃለህ፣ ቫምፓየር ግባ ካልተባለ ደፍ አይረግጥም። እኔ የጻፍኩት እንደዚያው ነበር። እሱ ደጅ ቆሞ «መግባት ይፈቀድልኛል?» ይላል፤ እኔ ብዙ አመነታለሁ፤ ዓይን ለዓይን እንተያያለን፤ ፍርሃቱና ፍላጎቱ እዚያች ዝምታ ውስጥ አለ። ረሒማ ካሜራውን አስነሣች። ቴዎፍሎስ ከጉሙ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመና ጠየቀ። እኔ ማመንታት ስጀምር ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ።

«ማነው እሱ? በዚህ ብርድ ምን ያቆመዋል? ግባ በሉት እንጂ!»

ቆረጥን። ይቅርታ ጠየቅን፣ አስረዳናቸው። እንደገና ጀመርን።

«ኧረ ሰው ደጅ አይቁም! ግባ ልጄ፣ ግባ!»

«እማማ፣ እየቀረጽን እኮ ነው። እርስዎ አይናገሩም።»

«እኔ መች ልናገር አስቤ? ሰው ደጅ ቆሞ ሲጠይቅ ወጣብኝ እኮ!»

ሳቅን። ውስጤ ግን አልሳቀም። እውነታቸውን ነበር። እኛ ዘንድ ደጅ የቆመን ሰው ማንነቱን ከመጠየቃችን በፊት ግባ እንላለን። ታዲያ የፈረንጁ ማመንታት እዚህ ማንን ያስፈራል፣ ማንንስ ያጓጓል? አሁንም ገዋኑን እንደለበስን ነው አልኩ በልቤ። ቃለ አብ ልክ ነበር ማለት ነው አልኩ። ካሜራውን አጥፍተን ለመመለስ ወሰንኩ፣ በእውነት።

ዝናቡ ያዘን። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ቫምፓየራችን ጾመኛ ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም። ሰዓቱ ሲደርስ እማማ ሽሮ አቀረቡ። እኔና ረሒማ ገብተን ተቀመጥን። ቴዎፍሎስ ግን ከነበርኖሱ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ግባ እንጂ ልጄ» አሉት።

«አይ እማማ፣ አላስቸግርም። እግሬ ጭቃ ነው።»

«ጭቃው ይጠረጋል! ግባ!»

«እዚሁ ደህና ነኝ፤ ግድ የለም።»

«በማርያም ግባ!»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ጉሙ ከበስተኋላው ነጭ ነው፣ እሱ ጥቁር። እማማ ተነሡ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ ደጃፉ ድረስ ሄደው የበርኖሱን ጫፍ ያዙት። እሱ አሁንም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «ኧረ እማማ…» ይላል፣ በዚያ ድምፁ። እኔ ሳላውቀው ከበርጩማው ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ይግባ፣ ምናለ ቢገባ፣ እያልኩ ነው በሆዴ። ፊቴ ጋለ፣ በዚያ ብርድ!

ረሒማ ክንዴን ጨበጠችኝ። «ያ አላህ! ሔራን፣ ይሄን ነው እንጂ መቅረጽ!»

ገባህ አይደል? የውጪዎቹ ቫምፓየሮች ግባ እስኪባሉ ይጠብቃሉ። የእኛው ግን እየተለመነ እምቢ ማለት አለበት። ሰው ያለ ልክ የሚያጓጓን ጨዋ ሆኖ እምቢ ሲለን ነው፤ ያኔ በገዛ ሞታችን እየማልን ቤታችን እንጎትተዋለን። ሽሮው ሳይበላ ትዕይንቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ቴዎፍሎስ ብቻ ነው የተቆጣው፣ ርቦት። እማማ ለተጊዮርጊስ እናቴን ሆነው ገቡ። እንዲህ ይበሉ አላልናቸውም። ይለምኑታል፣ እምቢ ይላል፤ ደግመው ይለምኑታል፣ እምቢ ይላል። በመጨረሻ እኔ እነሣለሁ። «እኔ ልለምንህ» እለዋለሁ፤ ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ የማነሣው ራሴ ነኝ። እሱ ደፉን ይረግጣል። ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረጽነው፤ መድገም አላስፈለገም። ስለዚያች ጊዜ እውነቱን ልንገርህ፣ አልተወንኩም። ቴዎፍሎስን ወደድኩት ማለቴ አይደለም፤ ቀረጻው ሲያልቅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሽሮው ቀዝቅዞ እንደሆነ ነው። ግን በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየኝ፣ ፈለግኩ። ፍላጎቴ ውስጤ እንደነበረና ማንም እንዳልወሰደብኝ አወቅኩ። ስመለስ የጣርማ በርን ከፍታ ያለፍኩ ያህል ጆሮዬ ይጮህ ነበር፤ ደስታ እንዲህ እንደሚያደነቁር አላውቅም ነበር።

ያለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ደብረ ብርሃን አሳየነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ በስተኋላ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ሲስቁ ልሮጥ። እማማ ብቅ ሲሉ ሳቁ ጀመረ፣ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ቴዎፍሎስ «አላስቸግርም» ሲል ሳቁ ቀጠነ። ሁለተኛ እምቢ ሲል አንዲት ሴት ከመሀል «ኧረ አታስገቢው!» አለች። ሌላዋ ወዲያው «ተዪው፣ ይግባ!» ብላ መለሰችላት። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ወንዶቹ ሳይቀሩ ይጮሃሉ። እኔ በፊልሙ ውስጥ ስነሣ ግን ጸጥ አለ። ነጠላዬ ሲወርድ አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ፤ ዓይናቸውን ግን ከስክሪኑ አልነቀሉም። ንክሻውን አላሳየሁም። ከንፈሩ አንገቴ ጋ ሊደርስ ሲል ጉሙ በክፍት በሩ ገብቶ ሁላችንንም ሸፈነን።

ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ ሰማሁ። ቃለ አብ፣ ይህን ድምፅ በሕይወቴ አልረሳውም። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፣ ከዚያ እልልታው፤ የዛሬ ዓመቱ የፌዝ እልልታ አልነበረም። በዚያው ከሰዓት ድገሙልን ብለው ደገምንላቸው። ስንወጣ ልጃገረዶቹ እማማን ከበው «ለምን አስገቡት?» እያሉ ያፋጥጧቸዋል። «ምን ላድርግ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ደጅ ይቆማል?» አሉ፤ ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ በጆሮዬ «አሁንም ቢመጣ አስገባዋለሁ» አሉኝ። ረሒማ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም አለቀስኩ፣ የእኔ ግን ሳቅ አልነበረም። አሸንፌያለሁ። ለማንም ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልናገረውም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ካነበብኩት ጀምሮ ሲከነክነኝ የቆየው ነገር ምን እንደሆነ ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ። ወደ ሕይወቴ ስትመጣ ሳትጠይቅ መጣህ። የምናየውን ፊልም ሳትጠይቅ መረጥክ፣ ዝምታዬን ሳትጠይቅ ተረጎምከው፣ ቀዝቃዛ ናት ብለህ ፈረድክ፣ ሄድክም። ስትስመኝ እንኳ ዓይኔ እስኪፈቅድልህ ጠብቀህ አታውቅም። ቀዝቅዤ አልነበረም፤ ምን እንደምፈልግ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅኩህ ነበር። ቢያሳዝንም ያኔ ብትጠይቀኝ ሁሉንም እነግርህ ነበር፤ እወድህ ነበርና።

«ልምጣ ወይ?» ከአንተ የሰማሁት፣ መልሴን የሚጠብቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ስለጠየቅከኝ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ለተጠየቀች ሴት የሚገባውን መልስም እሰጥሃለሁ።

አትምጣ።

ሔራን
ደብረ ብርሃን