የቡቺ አንገት

ሰኞ

ጎትቶ ጣለኝ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ለማስፈጨት የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየ፣ በሁለት ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ውሻዬ ቡቺ የወፍጮ ቤቱን ውሻ ሲያይ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የሚገርመው፣ ሳይታሰር ሲቀር ከዚያው ውሻ ጋር ተሻሽቶ ጅራቱን እየቆላ ያልፋል። ገመድ ሲገባለት ብቻ ነው አውሬ የሚሆነው።

የባሰው ደግሞ እትዬ አበበች ከኋላዬ መሆናቸው ነው። አከራዬ ናቸው። ቡቺ በንዴት ሲዞር ነጠላቸውን በጥርሱ ያዘው። እጃቸውን አልነካም፣ ነጠላው ግን ተተረተረ። ግቢ ከገባን በኋላ ነው፣ "እስከ እሁድ ልጄ። ወይ ይታረማል፣ ወይ ይሄዳል። ነገ የሰው ልጅ ቢነክስብኝ ምን እላለሁ?" ያሉኝ። ሦስት ዓመት እንደ ልጃቸው የያዙኝ ሴት ናቸው። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የት ነው የሚሄደው? ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ስመጣ ቦንጋ ውስጥ የመጀመሪያው ወዳጄ እሱ ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ መጨረሻው ምን እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የገዛ ውሻው መሬት ለመሬት የሚጎትተው ባለሙያ!

ማክሰኞ

ጠዋት ብየዳ ቤት ሄድኩ። ስልኬ ላይ ያየሁትን ቪዲዮ ለበያጁ አሳየሁት። ወደ ውስጥ ጥርስ ያለው የአንገት ሰንሰለት ነው። ውሻው ሲጎትት ይወጋዋል፣ ሲተው ይለቀዋል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ በሳምንት ውስጥ ይታረማል ይላል። እኔ ሳምንትም የለኝ።

በያጁ ከአሮጌ ሰንሰለትና ከሚስማር ሠራልኝ። ጫፎቹን በሞረድ አደነዘዛቸው። "ለአህያ ነው?" አለኝ። "ለውሻ" ስለው ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ያን አስተያየት አልወደድኩትም።

ከሰዓት ሞከርኩት። አልጎተተም! በወፍጮ ቤቱ በኩል ሁለቴ ተመላለስን። አንዴ ጮኸ፣ ወዲያው ዝም አለ። ደስ አለኝ። ሐሙስ ማንኪራ ቀበሌ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለብን፤ ይዤው ልሄድ ነው። ገበሬዎቹ ውሻ እንዴት እንደሚያዝ ይዩ። እውነቱን ለመጻፍ ግን፣ ወሬው እትዬ አበበች ጆሮ እንዲደርስ ፈልጌ ነው።

ረቡዕ

ቡቺ ጠዋት አልበላም። ስጠራው ዘግይቶ መጣ። የወፍጮ ቤቱን ውሻ ከሩቅ እንዳየ፣ ገና ሳይጎትት መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየገባው ነው አልኩ። አንገቱን ልዳብሰው ስል ራሱን ዞር አደረገ። ሆዱን አሞት ይሆናል።

ለነገ፦ ክትባት፣ የበረዶ ሳጥን፣ መዝገብ፣ ቦቲ ጫማ። ሰንሰለቱን ማጥበቅ፣ ትንሽ ላልቷል።

ሐሙስ

እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?

ማንኪራ ሰው ከነውሻው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ቡና ለቀማ ላይ ስለሆኑ ቶሎ መጨረስ ፈልገዋል። አንድ ሽማግሌ፣ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ንብ አናቢ፣ ውሻቸውን በደረቱ ዙሪያ በሰፊ የቆዳ ጠፍር አስረው መጡ። እኔ ሆዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "አባቴ፣ ውሻ በአንገቱ ነው የሚታሰረው፤ እንዲህ ከሆነ አይታዘዝም" አልኳቸው። በሰው ፊት። ከዚያ "እዩ" ብዬ ቡቺን ወደ መሃል ይዤ ገባሁ።

አሥር ያህል ውሻ ነበር። ቡቺ አበደ። ጎተተ፣ ወጋው፣ ሲወጋው ይበልጥ ጎተተ። ጮኸ፤ ግን የቁጣ ጩኸት አልነበረም። እኔ "ተው! ተው!" እያልኩ ገመዱን ወደ ኋላ ሳብኩ። ሳብኩ! ደም እጄ ላይ እስካይ ድረስ አልተውኩም።

ሰንሰለቱን የፈቱት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ቀስ ብለው ተንበርክከው በካፊኖኖ እያናገሩት ፈቱለት፣ እሱም ዝም አላቸው። ፀጉሩን ገለጥ ሲያደርጉ ትናንት የቆሰለ፣ ዛሬ የተቀደደ ቁስል ወጣ። ሰንሰለቱን ለሰው ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩት። ሰዎቹ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተባባሉ። ካፊኖኖ ብዙም አልሰማም፣ ያን ለመረዳት ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

"እኔ ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ስወጣ ገመድ የት ነው የማስረው?" አሉኝ ጋሽ ወልዴ። ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። "እዚህ ነው። ብወድቅ ይይዘኛል። አንገቴ ላይ ባስር ኖሮ ልጆቼ ቀብረውኝ ነበር።" አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠፍሩን ከራሳቸው ውሻ ፈትተው ሰጡኝ። አመሰግናለሁ እንኳ በቅጡ አላልኩም።

መርፌውን ስወጋ ዋልኩ። አንድም ሰው ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ዓርብ

አለቃዬ ዶክተር ሰላም ቁስሉን አጠበችለት። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ "አጥር ሽቦ ነው" አልኳት። ቁስሎቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ናቸው። ቁስሉን አየች፣ እኔን አየች። መድኃኒቱን ቀብታ እስክትጨርስ ድረስ ውሸቴን ይዤ ቆምኩ፣ ከዚያ ነገርኳት።

"ያስተማርከው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለችኝ። "ሌላ ውሻ ሲመጣ አንገቱ እንደሚታመም ነው። መጀመሪያም የሚጮኸው ታስሮ መሸሽ ስለማይችል ፈርቶ ነበር። አሁን ምክንያት ጨመርክለት።"

ከዚያ የነገረችኝ፣ እንዳልረሳው፦ አንገቱ እስኪድን ምንም አይነካውም፣ በደረት ማሰሪያ ብቻ። ሌላውን ውሻ አይቶ ዝም ከሚልበት ርቀት መጀመር። እንዳየ ወዲያው ሥጋ። ከጮኸ አለመምታት፣ አለመሳብ፤ ዞሮ መሄድ፣ በጣም ቀርበናል ማለት ነው። ዛሬ ካቃተው ነገ። ነገ! እኔ ያለኝ ሁለት ቀን ነው።

ቅዳሜ

ጠፍሩን ይዤ ስመጣ ቡቺ ከማገዶው ቁልል ኋላ ገባ። ውሻ የለም፣ ወፍጮ ቤት የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። እጄን ስዘረጋ ሽንቱን ለቀቀ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እትዬ አበበች ከጓሮ ሆነው አይተውኛል። መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰንሰለቱን፣ ማንኪራን፣ ለዶክተሯ የዋሸሁትን። "እኔ ይታረም ያልኩህ እንዲህ አድርገው ብዬ ነው?" አሉኝ። ይሄ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ከዚያ ጠፍሩን ከእጄ ወስደው ወደ ማገዶው ሄዱ። ቡቺ ለእሳቸው ወጣ።

እሁድ

እትዬ አበበች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወጣን። ጠፍሩን እሳቸው ያዙ፣ እኔ በፌስታል የተቆራረጠ ሥጋ ይዤ ከኋላ። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲህ ቆምን። የወፍጮ ቤቱ ውሻ ፀሐይ ላይ ተኝቷል። ቡቺ አየው፣ ጆሮው ቆመ፣ ሰውነቱ ተገተረ። እትዬ ከፌስታሉ ሥጋ አንስተው ሰጡት። በላ። እንደገና አየ፣ እንደገና በላ። ሦስት እርምጃ ቀረብን፣ ማጉረምረም ጀመረ፣ ዞረን ተመለስን። እንደገና ሄድን። አምስት ጊዜ። የጮኸው አንዴ ብቻ ነው።

በር ላይ ስንደርስ፣ "ይቆያል" አሉኝ። "ማሰሪያውን ግን ለጊዜው እኔ ነኝ የምይዘው። አንተ አታበላውም ማለቴ አይደለም። ና፣ ስጠው።"

ቁጢጥ ብዬ የመጨረሻውን ቁራጭ መዳፌ ላይ ዘረጋሁለት። ብዙ አሰበበት። ከዚያ የኋላ እግሮቹን እዚያው ተክሎ፣ ያን የቆሰለ አንገቱን የቻለውን ያህል አርዝሞ፣ ሥጋውን ብቻ ወሰደ።