ጋሼ ያልመለሱት ኢሜይል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጠዋቱን ሙሉ ኢሜይል ሳራግፍ አረፈድኩ። የፓምፕ ዋጋ የጠየቀ ደንበኛ ሦስት ብቻ። የቀረው የሎተሪ ዕጣ፣ የራሰ በራ መድኃኒት፣ "የሟቹ ጄኔራል ሚስት ነኝ" የምትል...

ኢሜይላችን የሚያልፍበትን ማሽን፣ ሰርቨሩን፣ ከሱቃችን ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ያቆምኩት እኔ ነኝ። የቤታችን ደብዳቤ ሰው ቤት አይደር ብለው ያዘዙት ደግሞ ጋሼ። ክፍሏ መስኮት የላትም። የበሩ የውስጥ እጀታ ከተነቀለ ቆየ፤ ከተዘጋ የሚከፈተው ከውጭ ነው። ስገባ የአሮጌ ፓምፕ ክዳን በሩ ሥር እወትፋለሁ። "ነገ እጠግነዋለሁ" ይላሉ ጋሼ። ለፓምፕ ግን ነገ ብለው አያውቁም።

ስፓሙ፣ ይህ ቆሻሻ ኢሜይል፣ ለምን እንዲህ እንደበዛ ዛሬ ገባኝ። ጋሼ ለሁሉም ይመልሳሉ! ለሎተሪው፦ "ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ቲኬት አልቆረጥኩም።" ለጄኔራሉ ሚስት፦ "እግዜር ያጽናዎት።"

"ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ሌቦች ናቸው።"

"ሌባስ ቢሆን፣ ሰላም ሲልሽ ዝም ትይዋለሽ?"

ሒሳብ ሠራተኛው ሳቁ እስኪያስለው ሳቀ። ሬዲዮ የምንለው እሱን ነው። ከገባ እስኪወጣ አይዘጋም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የኢሜይል ማጣሪያ ተከልኩ። የሚማር ዓይነት ነው። ቆሻሻ የተባለውን ሲያሳዩት ቃላቱን ይይዛል፤ የሚመስለው ሲመጣ ራሱ ይጥለዋል። ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ማድረግ እችል ነበር። ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል አልኩ።

ጋሼን አጠገባቸው ቆሜ አሳየኋቸው።

"ማየት የማይፈልጉትን ወደዚህ ይጎትቱት፤ 'ቆሻሻ' ወደሚለው። ከዚያ በኋላ አይመጣብዎትም።"

"ሳልመልስለት?"

"ሳይመልሱለት።"

ግራሶ የነካው ጣታቸው ሎተሪውን ይዞ ትንሽ አመነታ። "ቅር አይላቸውም?"

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሥራውን አገኘሁ። ሌላ ከተማ ያለው የኢንሹራንስ ድርጅት። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ያለው ክፍል።

ለፈተና የሄድኩ ዕለት ጥርስ ሐኪም ጋ ነኝ ብዬ ነበር። ጋሼ ማምሻውን ሾርባ ሠርተው ጠበቁኝ። በደህና ጥርሴ ሾርባ ጠጣሁ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ አጎቴ እሳቸው ናቸው። የምኖረው ከሱቁ በላይ፣ እሳቸው ቤት። ለመጣ ሰው ሁሉ "ፓምፑ እኔ፣ ኮምፒውተሩ እሷ" ይላሉ። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ከየት ይጀመራል?

እሑድ፣ የካቲት 9

ምሳ ላይ አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ..."

"ወይ።"

"...ጨው ያቀብሉኝ።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

በኢሜይል ጻፍኩላቸው። ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠን! ሰው ቢሰማ ምን ይላል?

"ጋሼ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። በወሩ መጨረሻ ልሄድ እፈልጋለሁ። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው።"

ላክሁ። ከግድግዳው ማዶ የኮምፒውተራቸው ደወል ጮኸ። ወንበራቸው ሲጢጥ አለ። ከዚያ ምንም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

መልስ የለም። ለጄኔራሉ ሚስት የመለሱ ሰው... ራት ላይ ስለሚያፈስ ፓምፕ አወሩ። ውኃ መውጫ ካጣ ያገኘውን ስንጥቅ ይፈልጋል አሉ። ስለ እኔ ነው? ስለ ፓምፑ ነው። ይመስለኛል።

ምናልባት አልደረሳቸውም? ደርሷል። ደወሉን ሰምቻለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሬዲዮ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆመ። "እህቴ፣ ምን በደልኩሽ? የደንበኛውን ዋጋ ላኪልኝ ብዬ አፌ ደረቀ።"

"ያንተ አፍ አይደርቅም። ልኬልሃለሁ።"

"ለማን? ለጄኔራሉ ሚስት?"

ኮምፒውተሩን ከፍተን አየን። ቆሻሻ ውስጥ ነው። ያ ብቻ አይደለም፤ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ የላክሁለት በሙሉ።

"ጉድጓድ አርቀሽ አትቆፍሪ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ሲሉ አልሰማሽም?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የራሴን ቆሻሻ ከፈትኩ። ከኢንሹራንሱ ሁለት መልእክት። "ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን እስከ ዓርብ ካላሳወቁን ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጣለን።"

ማን ነው ማጣሪያውን እንዲህ ያስተማረው? ሦስት ሰው ነን...

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ከደረጃው ሥር ገብቼ የሰርቨሩን መዝገብ አነበብኩ። እያንዳንዱ ኢሜይል የሄደበትን ይጽፋል። ለጋሼ የላክሁት፦ ደረሰ። ተከፈተ። በማግስቱ በእጅ ወደ ቆሻሻ ተጎተተ። ተመለሰ። ተጎተተ። ተመለሰ። ተጎተተ።

እዚያው ቀረ። ማጣሪያው ገና ጨቅላ ነው፤ ያሉትን ያምናል። ስሜን፣ አጻጻፌን፣ "ሥራ"፣ "ከተማ"፣ "ልሄድ" የሚሉትን ሁሉ ቆሻሻ ናቸው ብሎ ያዘ። ቤቱ ውስጥ እየተናገርኩ የማልሰማ ሆኛለሁ። በገዛ ማጣሪያዬ።

ልወጣ ስነሳ በሩ ተዘግቷል። ክዳኑን መወተፍ ረስቼ። የማሽኑ ሙቀት፣ የማራገቢያው ጩኸት... በቡጢ ደበደብኩት።

የከፈቱት ጋሼ ናቸው። ከኋላዬ መዝገቡ ስክሪኑ ላይ እንደበራ ነው። እኔ ግን ወደ ውጭ አልወጣሁም፤ እሳቸውም መንገድ አልለቀቁም።

"አይተውታል፣ ጋሼ።"

ዓይናቸው ከኋላዬ ካለው መዝገብ አልተነሳም።

"ለሌባ እየመለሱ ለእኔ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺው አይደለሽ፣ ማየት የማይፈልጉትን ይጎትቱት፣ ከዚያ አይመጣብዎትም ያልሽኝ?" እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር። "ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ይመጣብኛል።"

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ለኢንሹራንሱ የምልከው ተጽፎ ተቀምጧል። ሳይመርቁኝ ልሂድ? ብቀርስ? ብቀር ማን ይከለክለኛል... ማንም። ክፋቱ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ጠዋት ስወርድ ጋሼ ከደረጃው ሥር በርከክ ብለው የበሩን እጀታ እየገጠሙ ነበር። የውስጡን። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

"ከዚያ ከቆሻሻው ለዘለቄታው እንዴት ነው የሚወጣው?"

"መልሶ መጎተት ነው። ቆሻሻ እንዳልነበረ ይማራል።"

ተነሥተው ወደ ኮምፒውተራቸው ሄዱ። ተከተልኳቸው። በአንድ ጣት፣ ቀስ ብለው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ኢሜይሌን ጎትተው አወጡት። መልስ ግን አልጻፉም። ወደ በሩ ተመልሰው የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቁ።

"እስቲ ገብተሽ ዝጊውና ክፈቺው።"

ገባሁ። ዘጋሁ። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ከፈትኩ።

ለኢንሹራንሱ ቀኑን ላክሁ። ሰርቨሩን ለሬዲዮ ማስተማር ጀመርኩ። "ይሄ ሳጥን ከጮኸብኝ በጥፊ ነው የምለው!" ይላል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቱ አለ፤ ግን ታሽጓል፣ አይከፈትም። ማንም አልነገረኝም።

ለጋሼ ጻፍኩ። "ደርሻለሁ። ክፍሌ ብርሃን አለው። ጥርሴ ደህና ነው፤ ያን ጊዜም ደህና ነበር። ሾርባው ግን ጥሩ ነበር።"

ላክሁ። እጄ በልማድ ወደ መዝገቡ ሄደ። አልከፈትልኝ አለ። የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል... ስሄድ ቀይረው ብዬ ሬዲዮን የመከርኩ ራሴ ነኝ።

ደረሰ? ተከፈተ? የት ወደቀ? ደወሉ እንኳ ከዚህ አይሰማም።

ጋሼ ለሌባም ይመልሳሉ።