ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ባሕር የወረዱት የወይዘሮ ሣህሊቱ ብርሃነመስቀል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሣህሊቱ ከአባታቸው ከአቶ ብርሃነመስቀል ወልደሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሰች ደርቤ በ1942 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው በደሴ ተምረው የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ወሰዱ፤ በ1963 ዓ.ም. በአሰብ ወደብ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በወደቡ የዕቃ ተቆጣጣሪ ከነበሩት ከአቶ ተስፋሁን ዓለሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ናዝራዊትንና ኢዮኤልን አፈሩ። አሰብ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አለቃውም ተሸካሚውም ባሕር ይገባ ነበርና ወይዘሮ ሣህሊቱም ዋና የለመዱት እዚያ ነው።

ባለቤታቸው በሞት ከተለዩአቸው በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው በኬንያ በኩል እ.ኤ.አ. በ1993 ሎስ አንጀለስ ገቡ። መጀመሪያ ሚድ ዊልሻየር በፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት፣ ቀጥሎም ቫን ናይስ ድረስ እየተመላለሱ አረጋውያንን በመንከባከብ ሠርተዋል። ለአለቃም ለጎረቤትም አይሽቆጠቆጡም ነበር። ይህ ጠባያቸው አበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ሰፈር ብዙ ወዳጅ አላተረፈላቸውም።

ጳጉሜን ሦስት የቅዱስ ሩፋኤል ቀን ነው፤ የዕለቱ ዝናብ ጠበል ነውና ሰው ሁሉ ይጠመቅበታል። የሎስ አንጀለስ ሰማይ ግን በጳጉሜን ጠብታ አያወርድም። ስለዚህ ወይዘሮ ሣህሊቱ ከመጡ ጊዜ አንሥቶ ጥቂት ሴቶች አስከትለው ወደ ባሕር ይሄዱ ነበር። የሚወርዱት ከሳንታ ሞኒካ በስተሰሜን፣ በሁለት ቪላዎች መካከል ባለች ቀጭን መተላለፊያ ነው። ማንም ምንም ብሎአቸው አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ቪላዎቹን አዳዲስ ሀብታሞች ገዟቸው፤ ባሕሩንም አብረው የገዙ መሰላቸው። መተላለፊያዋን በብረት በር ዘጉ፤ «የግል ይዞታ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ፤ ሰው መኪና እንዳያቆም የመንገዱን ጠርዝ በገዛ ሥልጣናቸው ቀይ ቀለም ቀቡ፤ ዘበኛም አቆሙ። ከሰገነታቸው ሆነው ማዕበል ሲያዩ የሚውሉ፣ እግራቸውን ግን አንድ ቀን ውኃ ሲነካው ያልታየ ሰዎች ናቸው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ የእኛው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ኮሚቴ የሠራው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ተክለብርሃን በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮሚቴያቸውን አስከትለው፣ ድፎ ዳቦ አሸክመው በቪላው ደጅ ጠኑ። ባለቪላውም በዓመት አንድ ቀን፣ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ እንዲያልፉ ፈቀደላቸው። ኮሚቴው አገር ያቀና ይመስል ዳቦውን ሲያስረክብ የተነሣውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። በየዓመቱም ይህንኑ ደገመ፤ ዳቦውም በየዓመቱ እየተለቀ ሄደ።

ወይዘሮ ሣህሊቱ ግን በሩን ገፍተው መውረዳቸውን ቀጠሉ፤ ያውም በሩፋኤል ብቻ ሳይሆን ባሰኛቸው ቀን። ዘበኛው ፈቃድ ሲጠይቃቸው «አንተስ ባሕር ስትዘጋ ማን ፈቅዶልህ ነው?» ብለውት ያልፋሉ። ልጃቸው ኢዮኤል «እማዬ፣ አሬስት ያደርጉሻል» እያለ ለመናቸው፤ አልሰሙትም። ኮሚቴው በበኩሉ ሽማግሌ ላከባቸው።

«እትዬ ሣህሊቱ፣ ፕሊስ፣ እርስዎ እንዲህ እያደረጉ ፐርሚሽናችንን ካንስል ያደርጉብናል» አሏቸው ሽማግሌዎቹ።

«ካንስል የሚሆነው የእናንተ ነው። እኔ መቼ ለመንኩና!» ብለው ሸኟቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሰርጉና በየለቅሶው ስማቸው «ነገረኛዋ» ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የባሕር ዳርቻዎችን የሚጠብቀው የስቴቱ መሥሪያ ቤት መተላለፊያዋ የሕዝብ መሆን አለመሆኗን ለማጣራት ምስክሮችን ጠራ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሕዝብ ማንንም ሳያስፈቅድ ለዓመታት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ይሆናል፤ እያስፈቀደ ያለፈበት ግን የፈቃጁ ሆኖ ይቀራል። የባለቪላዎቹ ጠበቃ ታዲያ በአዳራሹ ስክሪን ላይ ያሳየው ያንኑ ድፎ ዳቦ ነበር። የአንዱን ዓመት፣ ቀጥሎ የሌላውን ዓመት፣ አቶ ተክለብርሃን በሁለት እጃቸው ሲያቀብሉ፣ እጅ ሲነሱ፣ ሲስቁ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኸው ነው።

አብረዋቸው ሲወርዱ የኖሩት ሴቶችም ጨዋ ለመባል «ኦኬ፣ እኛ ሁልጊዜ አስፈቅደን ነው» ብለው መሰከሩ። በሩም ዘበኛውም ባልነበሩበት ዘመን ማንን እንዳስፈቀዱ እነሱ ይወቁ። ሰው ሲዋሽ ለራሱ እንዲጠቅመው ነው፤ እነሱ ግን የዋሹት የዘጋባቸውን ሰው ለመጥቀም ነበር።

መተላለፊያዋ በዚያው ልትቀር ስትል ወይዘሮ ሣህሊቱ ተነሡ። ጠበቃው በአስተርጓሚ ማንን አስፈቅደው ይወርዱ እንደነበር ጠየቃቸው።

«ማንንም።»

«በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ። ለባሕር የሚያስፈቅድ ሰው እነዚህን እስካይ ድረስ አላየሁም ነበር» ብለው በአገጫቸው ወደ ኮሚቴው ጠቆሙ።

ይህን የሰሙ ሁለት ዓሣ አጥማጆችና አንድ የሰፈሩ ጡረተኛ ተነሥተው እነሱም ማንንም ሳያስፈቅዱ ሲመላለሱ እንደኖሩ ተናገሩ። በተከታዩ ዓመት በሩ ተነቀለ፤ መንገዱ የሕዝብ መሆኑን የሚገልጽ የስቴቱ ሰሌዳም ተተከለ። ኮሚቴው ወዲያው ፌርፋክስ ላይ የእራት ግብዣ አድርጎ፣ «ለባሕር ዳር ትግል ላደረጉት አስተዋጽኦ» እያለ አባላቱ እርስ በርስ ተሸላለሙ። ወይዘሮ ሣህሊቱ አልተጠሩም። ቢጠሩም አይሄዱም ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ዲያሊሲስ በሌለባቸው ቀናት ልጃቸው ናዝራዊት በመኪና እየወሰደቻቸው፣ ክንዳቸውን ደግፋ በመተላለፊያዋ ታወርዳቸው ነበር። መዋኘት ሲያቅታቸው ቁርጭምጭሚታቸውን እስኪሸፍነው ድረስ ውኃው ውስጥ ይቆማሉ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ሄራንና እኅታቸው ወይዘሮ የሺሃረግ በሐዘን ተቀምጠዋል። ቤተሰቡን በጣም ናፍቀውታል።

ዛሬ በፊት ወንበር የተቀመጠው ኮሚቴ ትናንት ደውሎ፣ የአርባቸውን መታሰቢያ ጸሎት በዚያ ባሕር ዳር ለማድረግ ማንን ማስፈቀድ እንደሚገባው ቤተሰቡን ጠይቋል። መልሱ ይኸውና፦ ማንንም። በአርባቸው ቀን መጥተን በመተላለፊያዋ እንወርዳለን፤ ማስፈቀድ የሚሻ ካለ ግን እባካችሁ እቤቱ ይቅርልን።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ሣህሊቱን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም ከድፍረታቸው ያካፍለን። አሜን።