አባባ ማብሪያውን አይነካም

ኅዳር 12 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለሚጢጢ፣

ጢም አውጥተህ፣ ቤት የሚያህል የመርከብ ሞተር ስትፈታና ስትገጥም እየዋልክም ያው ሚጢጢ ነህ። እኔ እስካለሁ ድረስ ከዚህ ስም አትድንም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የመርከባችሁ ወጥ ሠሪ አሁንም ከጨው ሌላ ነገር አያውቅም? እኛ ደህና ነን። አባባ ይበላል፣ ይተኛል፣ አልከሳም። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤ ስታይ ልብህ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት።

የምጽፍልህ ስለ አባባ የመጫወቻ ባቡር ነው።

ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ ባቡር መውደዱ የሁለታችንም መሳቂያ ነበር። አንተ ካየኸው ወዲህ ግን ጠረጴዛው ሰፍቶ የእማማን የስፌት ክፍል ሞልቶታል፤ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ የካርቶን ቤቶቹ፣ በየቤቱ ውስጥ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክል የኤል ኢ ዲ መብራት። ራቱን ከበላ በኋላ ይገባና ማብሪያውን ይጫናል። ከተማው ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ባቡሩን አንድ ዙር አዙሮ ሊተኛ ይሄዳል። የእኔን ስም የሚዘነጋበት ቀን አለ፤ ይቺን ግን ዘንግቷት አያውቅም።

በመስከረም መጨረሻ ደውዬ "አባባ ቤቱን ሊያቃጥለው ነበር" ያልኩህን ታስታውሳለህ። ያኔ አልዋሸሁህም፤ እውነት መስሎኝ ነበር። ወጥ ቤት ዕቃ ሳጥብ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ስገባ አባባ ጣቱን ማብሪያው ላይ እንደጫነ ቆሟል፤ ከቤቶቹ ጣሪያ ጢስ ይወጣል። "መጀመሪያ እንደ ፀሐይ በራ" አለኝ፤ "ከዚያ ሁሉም ሞተ።" ገመዱን ከሶኬቱ ነቅዬ ጮህኩበት። አዎ፣ ጮህኩበት። አንተም ስትሰማ "ብቻሽን አትችዪውም፤ የአረጋውያን መኖሪያውን ነገር እንዳልሽው አድርጊ" አልከኝ። ከዚያ በፊት እኮ ባነሳሁት ቁጥር እምቢ ትለኝ ነበር። ሐሳብህን ያስቀየረህ ጢሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ አባባ ሌላ ሰው ሆነ። ምሳ መብላቱን ይረሳል፣ እማማ መሞቷን ይረሳል፣ ያን ነገር ግን አልረሳውም። ገና ከአልጋው ሲወርድ "ከተማውን አበላሸሁት አይደል?" ይለኛል። ጫማውን ሳስርለት ከላይ ሆኖ "ይቅር በዪኝ" ይለኛል። አንጀቴን በላኝ። መብራቶቹን ልጠግን የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እኔና ኤሌክትሪክን ደግሞ ታውቀናለህ፤ አንድ አምፖል ለመቀየር ቆጣሪ የማጠፋ ሰው ነኝ። ከጥርስ ክሊኒካችን መቆንጠጫ ተውሼ አመጣሁና የመጀመሪያውን ቤት ጣሪያ እንደ መንጋጋ ጥርስ ነቀልኩት። አዲስ ኤል ኢ ዲ ገዝቼ አሰርኩ፤ አልበራም። ሌላ አሰርኩ፤ እሱም እንደዚያው። የተበላሸ የሸጡልኝ መስሎኝ የካርቶን ቤቴን ታቅፌ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትንሽ አየና መብራቷን ገልብጦ አሰራት። በራች።

"እህቴ፣ ይሄ እንደ ድሮው አምፖል አይደለም፤ ባንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው" አለኝ። "ረጅሟ እግር ፖዘቲቭ፣ አጭሯ ኔጋቲቭ።"

ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁና ሌላዋን ራሴ በባትሪ ሞከርኳት። ጧ ብላ ፈነዳች። ተመልሼ ሄድኩ፤ ሳቀብኝ። "ሬዚስተር ካላደረግሽላት ጠገብኩ አትልም፤ እስክትሞት ነው የምትጠጣው።" ኤሌክትሪኩን የሚመጥኑላት ባለ ቀለም ቀለበት ጥቃቅን ነገሮች ሸጠልኝ፤ የመበየጃ ካዊያ አያያዝም አሳየኝ። በዚያው ጣቴን አቃጠልኩ። ክሊኒክ ሐኪሙ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ "ብየዳ ጀምሬ ነው" አልኩት፤ የቀለድኩ መሰለው።

እንዲህ እያልኩ የጣቢያውን መብራቶች በሙሉ ቀየርኩ። እግራቸውን አየሁ፣ ሬዚስተር አሰርኩላቸው፣ የተባልኩትን ሁሉ አደረግሁ። ከዚያ የባቡሩን አዳፕተር ሰክቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። እንደ ፀሐይ በሩና ሞቱ። ያው ሽታ።

አንተ ብትሆን ኖሮ በአፍንጫህ ታውቀው ነበር። እኔ ግን በነጋታው አዳፕተሩን ይዤ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። በቴስተር ለካውና ቅንድቡን ሰቀለ።

"ከተማሽ የሚፈልገው አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ይሄ ሠላሳ ሁለት ይሰጣል፤ የፕሪንተር ነው። ማነው የሰካው?"

ሚጢጢ፣ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። መብራቱ በተቃጠለበት ቀን ጠዋት፣ ልብስ ልተኩስ ብዬ ሶኬት አጥቼ የባቡሩን ገመድ ከነአዳፕተሩ ነቀልኩ። ሽቦው ሲጠላለፍብኝ ተናድጄ ጥቁር ጥቁሩን ሁሉ ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ተኩሼ ስጨርስ ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፤ እጄ የገባውን አወጣሁና ሰካሁ። ጫፉም ልክክ አለ። አባባ ማታ ያደረገው ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው፤ ማብሪያውን ተጫነ።

ጠጋኙ መልስ እየጠበቀ ነው። "አባቴ መሰለኝ" አልኩት።

"ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ አትቆጪው" አለኝ።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ስከፍት ትክክለኛው እዚያው ነበር። አባባ ከሌላው እንዳይምታታበት ቀይ ክር አስሮበታል።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። ይህን ካወቅሁ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ መኖሪያው ሄጄ ፈረምኩ። ኃላፊዋ "ምክንያቱ ምንድነው?" ስትለኝ "ቤት ሊያቃጥል ነበር" አልኳት፤ እሷም ጻፈችው። አባባንም "አየህ፣ ብቻህን መዋል አደጋ ነው" አልኩት። ስንት ጊዜ አይሆንም ያለኝ ሰው አንገቱን ደፍቶ "እውነትሽን ነው፣ እሄዳለሁ" አለኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እኔ አፌን ስዘጋ ዝንቡ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

መጠገኑን ግን አልተውኩም። ከተማው ሲበራ ሁሉም የሚስተካከል መስሎኝ ይሆናል። ባለፈው ዓርብ የመጨረሻዋን፣ ዳቦ ቤቷን፣ ገጥሜ አባባን በክንዱ ይዤ አስገባሁት። "በል ተጫነው" አልኩት። እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። እኔው ተጫንኩት። በራ፤ ፈዘዝ ያለ፣ ድሮ እንደነበረው። ጎንበስ ብሎ በጣቢያው መስኮት ብዙ አየና "ሰዎቹ ገብተዋል" አለ።

ያኔ ነገርኩት። "አባባ፣ ያበላሸኸው አንተ አይደለህም። የተሳሳተ ገመድ የሰካሁት እኔ ነኝ።"

ቀስ ብሎ ዞሮ ጉንጬን ዳበሰኝ። "አውቃለሁ ልጄ" አለ። "የኔን ጥፋት ልትሸከሚልኝ ነው። ልጅ ሆነሽም የወንድምሽን እንዲሁ ትሸከሚ ነበር።"

"አይደለም አባባ፣ እውነቴን ነው።"

"ተዪ። ጣቴ ማብሪያው ላይ ነበር። ሰው የሠራውን ያውቃል።"

በማግስቱ ሁለቱን አዳፕተሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት። ክሩንም አሳየሁት። "እንዴት ያለሽ ደግ ልጅ ነሽ" አለኝ። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ መምህርት ልትጠይቀው ስትመጣም "ልጄ ጥፋቴን እንኳ ለኔ አትተውልኝም" ብሎ ነገራት። እሷም "የተባረክሽ" ብላ ሳመችኝ። እንደዚያ የሚያም ጥፊ ቀምሼ አላውቅም።

ደግሞ ስለ መርሳቱ የነገርኩህ ሁሉ ውሸት እንዳይመስልህ። በቀደም በዝናብ በነጠላ ጫማ ወጥቶ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ተገኝቷል፤ ጋዜጣ ሻጩ ነው እጁን ይዞ ያመጣልን። ይሄ እውነት ነው። ግን የምጽፍልህ እንድታውቀው ይሁን ወይስ ራሴን ልከልልበት፣ እኔም አልለየሁትም። እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ እንቅልፍ ነው ያጣሁት።

መኖሪያው ክፍሉን እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቅልናል። አንተ እሺ ያልከው በጢሱ ነው፤ ጢሱ ደግሞ የኔ ነው። ስለዚህ እሺታህን መልሼልሃለሁ። ይሂድ ብትልም ይቅር ብትልም እቀበላለሁ፤ ብቻ እውነቱን ይዘህ በል።

አንድ ነገር ግን እስክትወስን አይቆይም። አባባ አሁን የባቡሩን ብቻ ሳይሆን የትኛውንም ማብሪያ አይነካም። ከክሊኒክ ስመለስ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ከትቶ። "ምነው ሳታበራ?" ስለው "አንቺ እስክትመጪ ብዬ ነው" ይለኛል። የኔን ቃል ደግነት ነው እያለ አያምነውም። አንተ ግን እኔን ስትከስ ነው ያደግኸው፤ ካንተ አፍ ከሰማው ያምናል። እባክህ ወደብ ስትደርሱ፣ አመሻሽ ላይ፣ እኔ ሳልገባ ደውልለት። ስልክ ማንሳት አይፈራም። እንደ ልጅነትህ ሳታዝንልኝ ክሰሰኝ፤ "እሷ ናት ያበላሸችው" በለው። ከዚያ "አባባ፣ ተነስና መብራቱን አብራ" በለው፤ ሲያበራ እስክትሰማ ድረስም ስልኩን አትዝጋ።

ባሕሩ ይለዝብልህ፣ ሞተሩም ይታዘዝህ። የእማማ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ። ያንተን አልጋ አንሶላ አጥቤ አንጥፌዋለሁ፤ እንዲያው አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ ነው።

የምትወድህ እህትህ