ጽሑፉ የተሸፈነው ገጽ

ወይንእሸት፣

የሞጣው መኪና ሊሞላ ነው ብሎ ረዳቱ ደወለልኝ። ከትምህርት ቤት እስክትመለሺ አልቆይም። መዛወሬን ነግሬሻለሁ፤ ቀኑን ነው ያልነገርኩሽ።

ቁልፌን ለአከራያችን ለእትዬ ፋንታነሽ ሰጥቻለሁ። ውኃ ማክሰኞ ስለሚመጣ ጀሪካኑን ሙዪው።

የማስተምረውን ክፍል ላንቺ ስለሰጡሽ የሥዕል መጻሕፍቱን ትቼልሻለሁ። ለልጆቹ ስታሳዪያቸው ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኚው። ሥዕሉን አይተው መጀመሪያ የየራሳቸውን ይሳሉ፤ ከዚያ በወረቀቱ ላይ የመሰላቸውን ይጻፉ።

ያን ጊዜ እኔ የለጠፍኳቸውን ወረቀቶች ልጠሽ የጣልሻቸው መጽሐፉን ልታጸጂልኝ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አየሽ፣ ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ፣ ከጫጩቷ ሥዕል ሥር "የምታለቅሰው እናቷ ገበያ ሄዳ ስለቀረች ነው" ብላ ጽፋ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከራሷ አውጥታ የጻፈችው እሱን ብቻ ነው።

ያን ቀን ልቆጣሽ አልፈለግኩም፤ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ከጀመርኩ በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ። አንቺም አልጠየቅሽኝም።

ሽሮው መደርደሪያው ላይ ነው። ሳይነቅዝ ብዪው።

አንድ ገጽ ሸፍኜ ጠረጴዛው ላይ ትቻለሁ። ሥዕሉ ላይ ሁለት ሴቶች አንድ ገበታ ቀርበው ይታያሉ። ልጆቹ "ቲቸር፣ ምን እየተባባሉ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ወረቀቱ ባዶ ነው። እርሳሱን ቀርጬልሻለሁ።

መክሊት