ከአባትሽ ዳይፐር ውስጥ የሚደረበው

ለምወድሽ ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

ከአባትሽ ዳይፐር ውስጥ እንዲደረብ የላክሽው ፓድ ደርሶናል፤ እጅሽ ይባረክ። ወፍራሙ ይሻላል ብለሽ ነው የመረጥሽው፤ እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የማነሳው። ግን ጀርባው ላስቲክ ነው። ሲሞላ ወደ ዳይፐሩ አያሳልፍም፤ በጎን እየፈሰሰ አንሶላውን ያርሰዋል። አባትሽም ያፍርና ውሃ አልጠጣም ይለኛል። ከንፈሩ ደርቋል።

ትናንት አንሶላ ላመጣ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ ፓዱን አንስቶ በጣቶቹ ሲያሸው አገኘሁት። የልብስ ሰፊ እጅ አይረሳም መሰለኝ። "ገበሩ አያስተነፍስም" አለኝ። "ይሄ ላስቲክ ይውጣ፤ የልጄን ገላ ያቃጥልብኛል።" ለአንቺ የሚሰፋ መስሎታል፤ ለሱ ገና መዳህ ያልጀመርሽ ሕፃን ነሽ። "እሺ፣ ይወጣል" አልኩት። ምን ልበለው?

እና ሌላ ጊዜ ስትልኪ ቀጠን ያለውን፣ ላስቲክ የሌለውን ምረጪ። ውሃ ጠብ አድርጊበትና ከታች ካሳለፈ እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ፣ የኔ እናት። ስትደውዪ "አባዬ፣ አወቅከኝ?" አትበይው። ባለፈው "እንዴታ!" ብሎሽ፣ ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ "ማናት? እንዳይከፋት ብዬ ነው" አለኝ። "ልጅህ ነኝ" ብለሽ ጀምሪለት።

የሱንም ምርቃት ደርቤ መርቄሻለሁ፤ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ